«ምን አገባችሁ?» የተባልንበት ችሎት

ስልኬ የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ከእራት በኋላ ነው። ሄግ ከተማ የሚኖርና ሕግ የሚባል ነገር በእጁ የነካ ሐበሻ ሁሉ ይህን ጥሪ ያውቀዋል። «ሄግ አይደለህ እንዴ? ደጃፉ ላይ ቆመህ ዝም ትላለህ? አንዲት ማመልከቻ አስገባልና!» ደዋዩ አንዳንዴ ከዋሽንግተን፣ አንዳንዴ ከፍራንክፈርት፣ አንዳንዴም ከዱባይ ነው። ለብዙ ወገኖቼ ሄግ ማለት አንድ ትልቅ ቤት ነው፤ ከላይ ዳኛ፣ ከታች እስር ቤት፣ በሩ ላይ ደግሞ እኔ።

ቤቱ ግን አንድ አይደለም። አንደኛው የሰላም ቤተ መንግሥት የሚባለው፣ አሜሪካዊው ቱጃር አንድሩ ካርኔጊ ገንዘብ ሰጥቶበት በ1913 የተመረቀው ባለ ማማ ሕንፃ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። እዚያ የሚያስችለው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት አገር አገርን ሲከስ እንጂ ሰው ሲያለቅስ አይሰማም። ሁለተኛው ወደ ባሕሩ ዳር፣ በአሸዋው ጉብታ ጥግ የተሠራው የወንጀል ፍርድ ቤት ነው። እሱ ግለሰብን ይከሳል፤ ያውም በመሠረቱ ተከሳሹ የአባል አገር ዜጋ ሲሆን፣ ወንጀሉ በአባል አገር መሬት ሲፈጸም ወይም የጸጥታው ምክር ቤት ሲመራለት። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ዜጋ መንግሥቱን የሚከስበት መስኮት በሁለቱም ቤት የለም። ይህን ስናገር ስልኩ ወዲያ ማዶ ጸጥ ይላል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «ታዲያ አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

እኔማ ለአገሮች ከሚሟገቱ ጠበቆች ጀርባ ሆኜ ሰነድ አዘጋጃለሁ። ችሎቱ ፎቶ ሲነሳ ከሁለተኛው ረድፍ በስተኋላ ግማሽ ጆሮው የሚታየው ሰውዬ እኔ ነኝ። ከዚያ ወንበር ሆኖ የሚሰማው ነገር በፍርድ መጽሐፍ ከሚታተመው ይለያል። ጥቂቱን ሹክ ልበላችሁ።

በቴሌቪዥን የምታዩት ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ ያለው ንግግር ቃል በቃል ከወረቀት የሚነበብ ነው። ጽሑፉ ለአስተርጓሚዎቹ ቀደም ብሎ ተሰጥቷል። ዳኞቹ በሺህ የሚቆጠር ገጽ የጽሑፍ ክርክር ቤታቸው ወስደው አንብበዋል። እንደ ድሮው የእኛ አገር በላ ልበልሃ፣ ተሟጋች በምላሱ ብልሃት ዳኛውን የሚያስደምምበት፣ በጭብጨባና በነጠላ አጣጣል ነገር የሚያዞርበት መድረክ አይደለም። ንግግር አሳምሮ ፍርድ የገለበጠ ጠበቃ በነዚህ ሁሉ ዓመታት አላየሁም። ነገሩ የሚያልቀው ካሜራው ከጠፋ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ዳኛ ሐሳቡን ለብቻው ይጽፋል፤ ጽሑፎቹን እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። አርቃቂዎች ከመካከላቸው ይመረጣሉ፤ ረቂቁ ሁለት ጊዜ ይነበባል። በመጨረሻ ድምፅ ሲሰጥ ከአዲሱ ዳኛ ይጀመርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ጀማሪው የአንጋፋውን ፊት አይቶ እንዳይናገር ነው። «አዎ» ወይም «አይደለም» እንጂ «ድምፄን ይዤአለሁ» የሚባል ነገር የለም። ድምፁ እኩል ለእኩል ከሆነ የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ይለየዋል።

የኛን ታሪክ የበላችው ያቺ የመጨረሻዋ ደንብ ናት።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ጠበቃ ፋይል ከመክፈታቸው በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ ነበር፦ ወንበሩ ላይ ማን አለ? በሩ ላይስ ማን አለ? ማስረጃ ለእሳቸው ሦስተኛ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ተገርመው አዩኝ። «ይህንን አንተ ትጠይቀኛለህ? የአገርህ ጉዳይ አይደለም ወይ ያስተማረን?» አሉኝ። እኔ የሕግ ዲግሪ ይዤ የመጣሁ ሰው፣ ስለ የትኛው ጉዳይ እንደሚያወሩ አላወቅሁም። ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። ቤተ መጻሕፍት ወርጄ የፍርድ መጽሐፉን የ1966 ቅጽ ያወጣሁት በዚያው ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን ቅኝ የነበረችው ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ የዛሬዋ ናሚቢያ፣ በ1920 በአደራ ለደቡብ አፍሪካ ተሰጠች። ሰጪው የመንግሥታቱ ማኅበር ነው። አደራው ደግሞ የነዋሪውን ደህንነትና ዕድገት መጠበቅ ነበር። አደራ ተቀባዩ ግን አደራውን በላ፤ መሬቱን ከፋፈለ፣ የአፓርታይድን ሕግ አሻግሮ አስገባ፣ ማኅበሩ ሲፈርስ ደግሞ «አደራ ሰጪው ሞቷል፤ ለማን ልመልስ?» አለ። የፍትሕ ፍርድ ቤቱ በ1950 «አደራው አልሞተም» ብሎ ነበር፤ ግን ምክር ነበርና አስገዳጅነት አልነበረውም።

በአደራው ውል ውስጥ አንዲት አንቀጽ ነበረች። የማኅበሩ አባል የነበረ ሌላ አገር፣ በውሉ አተረጓጎምና አፈጻጸም ላይ ክርክር ቢያነሳ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል ትላለች። ከሰሃራ በታች ካሉት ጥቁር አገሮች የዚያ ማኅበር አባል የነበሩት ላይቤሪያና ኢትዮጵያ ብቻ ናቸው። ኢትዮጵያ የገባችው በ1923 ነው። በሰኔ 1960 ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው መከሩ፤ ኅዳር 4 ቀን 1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ከሰሱ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1936 ጄኔቫ ቆመው ሲጮኹ ያልሰማቸው ማኅበር ነው ይሄ። አገራችን የዚያን ማኅበር የአባልነት ደብተር፣ ማኅበሩ ከሞተ በኋላ፣ ለሌላ ሕዝብ ብላ ከሣጥን አወጣችው። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በልቤ ስል ከቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ለመነሳት ጊዜ ወሰደብኝ።

ደቡብ አፍሪካ አራት የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አቀረበች። ታኅሣሥ 21 ቀን 1962 ፍርድ ቤቱ በ8 ለ7 ውድቅ አድርጎ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ አለ። በአንድ ድምፅ ልዩነት! ከተሸነፉት ሰባቱ መካከል አውስትራሊያዊው ፐርሲ ስፔንደርና እንግሊዛዊው ጄራልድ ፊትዝሞሪስ ረጅም የተቃውሞ ሐተታ በጋራ ጻፉ። በጠበቆች ጓዳ የተሸናፊ ዳኛ ሐተታ እንደ ተከዘነ እህል ነው የሚታየው፤ ወንበሩ ሲቀየር ይወጣል።

ወንበሩም መቀየር ጀመረ። ቁጠሩልኝ።

የተመረጡት ዳኞች 15 ናቸው። ሁለቱ ወገኖች አንዳንድ ተጨማሪ ዳኛ ሰየሙ፤ ለእኛ ወገን ናይጄሪያዊው ሰር ሉዊስ ምባኔፎ፣ ለእነሱ ቫን ዋይክ። በጠቅላላው 17። በ1964 ስፔንደር ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚያው ዓመት የፓኪስታኑ ሰር ዛፍሩላ ካን ወደ ፍርድ ቤቱ ገቡ፤ የአገራቸው የመጀመሪያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ፣ የተባበሩት መንግሥታትን ጠቅላላ ጉባኤም የመሩ ሰው ናቸው። እሳቸው በዚህ ጉዳይ አልተቀመጡም። ሰበብ ሆኖ የተነገረው፣ ከሳሾቹ ቀደም ሲል በተጨማሪ ዳኝነት ሊሰይሟቸው አስበው ነበር የሚል ነው፤ ዛፍሩላ ግን በኋላ እንደተናገሩት የወጡት በፕሬዚዳንቱ ግፊት እንጂ በራሳቸው ፈቃድ አልነበረም። አንድ ወንበር። በ1962 ከአሸናፊዎቹ ጋር የነበሩት ግብፃዊው ባዳዊ በነሐሴ 1965፣ ክርክሩ ገና ሳያልቅ፣ ሞቱ። በምትካቸው የመጡት ሊባኖሳዊ የተመረጡት ችሎቱ ሊዘጋ ሲል ስለነበር አልተቀመጡም። ሁለት ወንበር። የፔሩ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቡስታማንቴ፣ እሳቸውም በ1962 ከአሸናፊዎቹ ወገን የነበሩ፣ ታመሙ። ሦስት። ከ17 ላይ ሦስት ሲቀነስ 14 ነው። ጎዶሎ ቁጥር የነበረው ሙሉ ሆነ፤ ሙሉ ቁጥር ደግሞ ለሁለት ይከፈላል።

ከላይ፣ በታላቁ አዳራሽ፣ በመስታወት ሥዕሎቹ ሥር፣ ክርክሩ ለወራት እየተካሄደ ነበር። ለኢትዮጵያና ለላይቤሪያ የቆመው አሜሪካዊው ኧርነስት ግሮስ ነው። (ያኔም ሆነ ዛሬ ይህ አዳራሽ የጥቂት ጠበቆች ማኅበር ነው፤ የአፍሪካ አገርም ስትከስ ብዙውን ጊዜ የምትቀጥረው ከለንደን፣ ከፓሪስ ወይም ከዋሽንግተን ነው። እንጀራዬ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልናገርም።) ግሮስ መሐል መንገድ ላይ ስልቱን ለወጠ። ደቡብ አፍሪካ በጽሑፍ ያቀረበችውን ፍሬ ነገር ሁሉ «ተቀብያለሁ» አለ፤ ስለዚህ ምስክር አላቀርብም፣ ሰውን በዘሩ መለየት ራሱ ሕገ ወጥ መሆኑን ብቻ ፍረዱልኝ አለ። ደቡብ አፍሪካ በአንጻሩ 14 ምስክሮችና ባለሙያዎች አሰለፈች። አልፎም ዳኞቹን ጋበዘች፦ ኑና አገሩን በዓይናችሁ እዩ፤ እግረ መንገዳችሁን ግን ኢትዮጵያንና ላይቤሪያንም ጎብኙ። ከሳሾቻችን የራሳቸውን ሕዝብ እንዴት እንደያዙ እዩልን ማለቷ ነው። ፍርድ ቤቱ ግብዣውን አልተቀበለም። እኔ ግን የዚያን ግብዣ ተንኮል ባነበብሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። በሰብዓዊ መብት ሙግት ከሳሽ የሚፈራው የተከሳሹን መልስ አይደለም፤ ጣት ወደ ራሱ ጓዳ ሲመለስ ነው።

የግሮስን ስልት እስከ ዛሬ የሚያሙት አሉ። ሽማግሌው አለቃዬ ከነሱ አንዱ ነበሩ፤ «ዳኛ ሕግ ብቻ ስታበላው ይርበዋል፤ ሰው አሳየው» ይሉ ነበር። እኔ አልስማማም። ምስክር ቢያቀርብ ኖሮም ያው ነበር፤ ነገሩ የተበላሸው ወንበሩ ላይ ነው።

ሐምሌ 18 ቀን 1966፣ በእኛ ሐምሌ 11 ቀን 1958፣ ፍርዱ ተነበበ። ሰባት ለሰባት። ፕሬዚዳንት ስፔንደር ሁለተኛ ድምፁን ጣለበት፤ ከሳሾቹ ተሸነፉ። ገጾቹ ብዙ ናቸው፤ ፍሬ ነገሩን በአማርኛ በሁለት ቃል ማስቀመጥ ይቻላል፦ ምን አገባችሁ? ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በዚህ ጉዳይ የራሳቸው የሆነ ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም እንዳላቸው አላስረዱም፤ ለሰው ልጅ ማዘን ብቻውን የመክሰስ መብት አይፈጥርም። አፓርታይድ ሕጋዊ ነው አላሉም፤ ሕገ ወጥ ነው አላሉም። ጥያቄው ላይ ሳይደርሱ በሩን ዘጉት። ስድስት ዓመት ካስቆሙ በኋላ «ለመሆኑ እናንተ ማናችሁ?» አሉ።

ሚዛን ለመጠበቅ ያህል፣ ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ክርክሩ ሄግ ላይ በሚካሄድበት በዚያው በ1965 አዲስ አበባ ላይ የወጣው የእኛው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 33 ስር በክርክሩ ነገር ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ ሊሆን አይችልም ይላል። የአገር ቤት ጠበቆች ይህችን አንቀጽ በየቀኑ ይመዟታል። ቅር የሚያሰኘው ሌላ ነው፤ በ1962 የተመለሰ የመሰለው ጥያቄ በ1966 ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ፤ በ1962 በተቃውሞ የተከዘነው እህልም ዱቄት ሆኖ ወጣ። አሜሪካዊው ዳኛ ፊሊፕ ጄሰፕ ፍርዱ የሕግ መሠረት የለውም ብለው ረጅም ተቃውሞ ጻፉ፤ ጃፓናዊው ኮታሮ ታናካ ስለ እኩልነት የጻፉትን ተማሪ እስከ ዛሬ ይማረዋል። ስፔንደር ለዚህም መልስ ነበረው። ተቃዋሚ ዳኞች ፍርድ ቤቱ ያልደረሰበትን ዋና ጉዳይ በሐተታቸው ማንሳት የለባቸውም የሚል የራሱን መግለጫ ከፍርዱ ጋር አያያዘ። በሩን ዘግቶ ሲያበቃ መስኮቱንም ሊከድን ፈልጎ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ፈጣን ነው። ፍርዱ በተነበበ በ39ኛው ቀን፣ ነሐሴ 26፣ የናሚቢያ የነፃነት ንቅናቄ የስዋፖ ታጋዮች ኦሙጉሉግዎምባሼ በተባለ ስፍራ ከደቡብ አፍሪካ ኃይሎች ጋር የመጀመሪያውን ውጊያ ገጠሙ። ጥቅምት 27 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ114 ድጋፍና በ2 ተቃውሞ የደቡብ አፍሪካን አደራ አነሳ። በዚያው ዓመት በተደረገው የዳኞች ምርጫ የአውስትራሊያው ዕጩ ወደቀ፤ ናይጄሪያዊው ቻርልስ ኦንየማ ገቡ። የአፍሪካ አገሮች ግን ያንን በር ለብዙ ዓመት እንደ ቡዳ ቤት ዞረውት ሄዱ።

አሁን ወደ ወንበሮቹ ልመልሳችሁ፤ የዚህ ታሪክ ቅመም እዚህ ነው። በ1970 የጸጥታው ምክር ቤት ስለ ናሚቢያ ምክር ጠየቀ። በ1971 ፍርድ ቤቱ የደቡብ አፍሪካ እዚያ መቆየት ሕገ ወጥ ነው አለ፤ 13 ለ2። ከሁለቱ ተቃዋሚዎች አንዱ ያው ፊትዝሞሪስ ነው። በፕሬዚዳንቱ ወንበር ላይ የተቀመጡት ማን ናቸው? በ1966 ከችሎቱ የወጡት ዛፍሩላ ካን! ደቡብ አፍሪካ እሳቸውንና ሌሎች ሁለት ዳኞችን «ይነሱልኝ» ብላ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ አልሰማትም። አለቃዬ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የራሳቸውን ወንበር ጀርባ መታ መታ ያደርጉ ነበር።

ሌላም አለ። ለደቡብ አፍሪካ በሄግ ከተሟገቱት ወጣት ጠበቆች አንዱ ፒክ ቦታ ይባል ነበር። ይኸው ሰው በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ፣ ታኅሣሥ 1988 ኒው ዮርክ ላይ የናሚቢያን ነፃነት መንገድ የከፈተውን ስምምነት ፈረመ። ናሚቢያ ባንዲራዋን የሰቀለችው መጋቢት 21 ቀን 1990 ነው። ከእኛ ክስ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር።

ፍርድ ቤት ይቅርታ አይጠይቅም። ሲጠይቅም እንዲህ በግልጽ አይደለም፤ በሌላ ሰው ጉዳይ ውስጥ ሸጉጦ ነው። በ1970 ቤልጅየምና ስፔን ስለ አንድ የባርሴሎና የኤሌክትሪክ ኩባንያ ባለ አክሲዮኖች ይሟገቱ ነበር። ከዘር ማጥፋትም ከባርነትም ጋር ምንም የማይገናኝ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ዳኞቹ ግን መሐል ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አንድ አንቀጽ ጣል አደረጉ፦ አንዳንድ ግዴታዎች አሉ፤ አገር የሚገባቸው ለዓለም ሁሉ ነው፤ ዘር ማጥፋትን፣ ባርነትን፣ የዘር አድልዎን የሚከለክሉት ከእነዚህ ናቸው፤ እነሱን ማስጠበቅ ሁሉንም ያገባዋል። በእኛ ሙያ ውስጥ ይህችን አንቀጽ ለ1966 እንደተከፈለ ካሣ የማያነብ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። ካሣው ግን በወረቀት ነበር፤ እስኪመነዘር ሃምሳ ዓመት ወሰደ።

የመነዘራት ጋምቢያ ናት። በ2018 የጋምቢያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ወደ ዳካ ስብሰባ መሄድ ስላልቻሉ በምትካቸው የፍትሕ ሚኒስትሩ አቡባካር ታምባዱ ሄዱ። ታምባዱ ቀደም ሲል ለሩዋንዳ በተቋቋመው ፍርድ ቤት የሠሩ ዐቃቤ ሕግ ናቸው። ኮክስ ባዛር ካምፕ ገብተው የሮሂንጋ ስደተኞችን ታሪክ ሲሰሙ ነገሩ አዲስ አልሆነባቸውም። ኅዳር 11 ቀን 2019 ጋምቢያ ሚያንማርን በዘር ማጥፋት ስምምነት ከሰሰች። በዚያው ታኅሣሥ አውንግ ሳን ሱ ቺ ራሷ መጥታ አገሯን ስትከላከል ሰልፉ ጎዳናውን ሞልቶት ነበር። የሚያንማር ጠበቆች ያነሱትን መቃወሚያ ሳነብ ሳቄ መጣ፤ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ «ምን አገባት?» ነበር። ጋምቢያ ከሚያንማር ጋር ድንበር የላትም፣ አንድም ዜጋዋ አልተነካም። ሐምሌ 22 ቀን 2022 ፍርድ ቤቱ መለሰ፤ የስምምነቱ አባል ሁሉ ያገባዋል። በከሳሽነት መብቷ ላይ የተቃወሙት ቻይናዊቷ ዳኛ ብቻ ናቸው።

ያን ዕለት ከሥራ ስወጣ ለአለቃዬ ልደውል ስልኬን አወጣሁ። ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

በታኅሣሥ 2023 ደግሞ ያቺው ደቡብ አፍሪካ፣ በ1966 «ምን አገባችሁ» በሚለው በር ያመለጠችው፣ እስራኤልን በዘር ማጥፋት ስምምነት ከሰሰች፤ የመክሰስ መብቷ የቆመው በጋምቢያ መንገድ ላይ ነው። ከተናጋሪዎቿ አንዱ ጆን ዱጋርድ ነበሩ፤ በ1973 ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ሙግት ትልቁን መድበል ያዘጋጁት ምሁር። ስለ ጉዳዩ ራሱ የሚባለውን ሌሎች ይበሉት። እኔ ሽማግሌው ዱጋርድ ወደ መናገሪያው ሲሄዱ ማየቴ ይበቃኛል።

ይህን ሁሉ ለደዋዮቼ በስልክ አላወራም። አንድ ጊዜ ግን ሳልወድ አወራሁ።

ከጀርመን የሚደውሉ እናት ናቸው። አገር ቤት ያለው ልጃቸው ከተወሰደ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የት እንዳለ የሚነግራቸው የለም። እንደ ሁሉም ሰው «ሄግ ክሰስልኝ» አሉኝ። እንደ ሁሌውም አስረዳሁ። አልተውኝም። «እና ማንም ለሌላ ሰው ከሶ አያውቅም?» አሉ። ስለ ጋምቢያ፣ ከዚያም ስለ ናሚቢያ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እኛ? ለሌላ ሕዝብ?» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር። ቀጥለው «ለእኛስ?» አሉ።

እዚህ ላይ ነው ሹክሹክታዬ የሚያልቅብኝ፤ የቀረውን ጮክ ብሎ መናገር ይሻላል። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ሥራ የጀመረው በ2006 አዲስ አበባ ላይ ነው። በዓመቱ ወደ አሩሻ ሄደ። ኢትዮጵያ የማቋቋሚያ ፕሮቶኮሉን በ1998 ፈርማለች፤ አላጸደቀችውም። ብታጸድቀው እንኳ ዜጋው በቀጥታ እንዲከስ ሌላ የፈቃድ መግለጫ መስጠት ይኖርባታል። ያንን ሰጥተው የነበሩት ሩዋንዳ በ2016፣ የፍርድ ቤቱ አስተናጋጅ ታንዛኒያ ራሷ በ2019፣ ቤኒንና ኮት ዲቯር በ2020 መልሰው ወስደውታል፤ ዜጎቻቸው ይከሱ ጀምረው ነበርና። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን ኢትዮጵያ በ1993 ተቀብላለች፤ ግለሰብ አቤት የሚልበትን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ግን አልተቀበለችም። በአደራ ውል ጥግ የተሸሸገችውን አንቀጽ ፈልጋ ለናሚቢያ በር የቆፈረች አገር፣ ለራሷ ሰው ያሉትን በሮች አንድ በአንድ ዘግታ ተቀምጣለች።

ክፍት የቀረ በር አለ፤ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን። ማንም ሰው ሊጽፍለት ይችላል፣ ለሌላ ሰው ብሎም ቢሆን። «ምን አገባህ?» አይልም። ግን ሰባት ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ከሁሉ የሚከብደው መጀመሪያ በአገር ቤት ፍርድ ቤት ያለውን መንገድ ጨርሳችሁ ኑ የሚለው ነው፤ መንገዱ ያለ አግባብ ከተጓተተ ይታለፋል። ጊዜም ይፈጃል። ተጠልፋ ስለተደፈረች አንዲት ታዳጊ በ2007 በኢትዮጵያ ላይ የቀረበለትን አቤቱታ የወሰነው በ2015 ነው፤ መንግሥት 150 ሺህ ዶላር እንዲክሳት ጠየቀ። ጠየቀ ነው የምለው፤ ፖሊስ የለውም።

ይህንን ሁሉ፣ ምንም ሳላስውብ፣ ለእናትየው ነገርኳቸው። ተስፋ ይቆርጣሉ ብዬ ነበር።

«የት ነው ያለው ይሄ ኮሚሽን?»

«ባንጁል።»

«ባንጁል የት ነው?»

«ጋምቢያ፣ እማማ።»

«ያቺ ላልወለደችው የከሰሰችው?»

«አዎ፣ እሷው።»

ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። «ባ… ን… ጁ… ል» እያሉ ጻፉ። «በአማርኛ ይቀበላሉ?»

«አይቀበሉም። እኔ እተረጉመዋለሁ።»

«በል እንግዲህ ብዕርህን ያዝ» አሉኝ። ይዤ ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ የልጃቸውን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ ፊደል በፊደል ይቆጥሩልኝ ጀመር።